ዊኪፒዲያ በመኪና ወዳጅ ዓይን፦ ሁለት ዓመት ካረምኩ በኋላ

997 እና 996። ልዩነቱ አንድ ሲሲ ነው። ዊኪፒዲያ ላይ የመኪና ገጽ ማረም ምን ይመስላል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሌ የምጀምርለት ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የመጀመሪያው ቪትዝ፣ ባለ አንድ ሊትሩ ሞተሩ 1ኤስዜድ ይባላል፤ በጃፓን ሰነድ 997 ሲሲ ነው። በ2005 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ 1ኬአር የሚባለውን ሞተር ይዞ መጣ፤ እሱ 996 ሲሲ ነው። ወረቀት ብቻ ያየ ሰው "እዚህ ጋ አንድ ቁጥር ተሳስቷል" ብሎ ሁለቱን አንድ ሊያደርጋቸው ይችላል። ኮፈን ከፍቶ ያየ ሰው ግን አይሸወድም። የፊተኛው ባለ አራት ፒስተን ነው፣ የኋለኛው ባለ ሦስት። ለአንዱ አራት ካንዴላ ትገዛላችሁ፣ ለሌላው ሦስት። ቆሞ ሲሠራ እጃችሁን መሪው ላይ ብታሳርፉ እንኳ ይታወቃችኋል፤ ባለ ሦስቱ የራሱ የሆነ ትንሽ መንቀጥቀጥ አለው።

መኪና የሚወድ ሰው ዊኪፒዲያ ላይ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ቁጥር የሚገለብጥ ሞልቷል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅና ስህተቱ ገና ሲያየው የሚጎረብጠው ሰው ግን ጥቂት ነው።

እኔ ማረም ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቀን ሌላ ሥራ አለኝ። ማታ ማታ፣ ቅዳሜ ደግሞ ከጋራዥ ስመለስ፣ ስልኬን ወይ ላፕቶፔን ከፍቼ የመኪና ገጾች ላይ እሠራለሁ። ብዙ ሰው ዊኪፒዲያን የሚያውቀው አንብቦ ነው። ይህ አስተያየት ግን ውስጥ ገብቶ ከሚሠራ ሰው የመጣ ነውና ትንሽ ይለያል። ባጭሩ ለቸኮለ ሰው፦ ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። መኪና የምትወዱ ከሆነ ግቡበት። ግን አገባቡን እወቁ።

አገልግሎቱ ራሱ ነፃ ነው። ከጥር 2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፣ ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር የጀመሩት ነው፣ አሁን የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፣ ማስታወቂያ የለበትም። የእንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ ገጽ አለው። የአማርኛው 15 ሺ ገደማ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አካውንት መክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እንግሊዝኛው ላይ ግን አዲስ ገጽ በቀጥታ ለመክፈት አራት ቀን ማለፍና አሥር እርማት ማድረግ አለባችሁ። እኔ ይህን ወድጄዋለሁ፤ ሰው ገና እንደገባ ትልቅ ነገር እንዳይነካ ይይዘዋል። አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር፦ ቪፒኤን ከፍታችሁ ከሆነ ማረም አይፈቅድላችሁም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ "ከለከለኝ" ብሎ ይተወዋል። ቪፒኤኑን ማጥፋት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መኪና የሚያውቅ ሰው ሲገባ የሚሠራው የመጀመሪያ ስህተት የሚያውቀውን መጻፍ ነው። እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነው። ኮሮላ ገጽ ላይ ገባሁና ዲኤክስን ራሱን የቻለ ሞዴል አድርጌ አንድ አንቀጽ ጻፍኩ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ዲኤክስ ሲባል የትኛው መኪና እንደሆነ አይጠፋውም፤ ያ ማዕዘኑ ሹል የሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የመጣው አራተኛው ትውልድ ኮሮላ። አባቴ ነበረው። በልጅነቴ የኋላ ወንበሩ ላይ ተኝቼ ነው ያደግኩት። ሞተሩን፣ 4ኬ የሚባለውን 1290 ሲሲ፣ በእጄ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ታዲያ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል አልኩ።

በማግስቱ ጽሑፌ የለም። አንድ ነባር አርታኢ ገጹን ወደ ነበረበት መልሶታል። የተወልኝ ማስታወሻ አጭር ነው፤ ምንጭ የለውም፣ ደግሞም ዲኤክስ የሞዴል ስም አይደለም ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን የዘመኑን የቶዮታ ብሮሹሮች ፈልጌ ማየት ጀመርኩ። ልክ ነበር ሰውዬው። ዲኤክስ ማለት ዴሉክስ ማለት ነው፣ የጌጥና የምቾት ደረጃ ስም ነው፣ ቶዮታ በሌሎች ትውልዶችና በሌሎች መኪኖችም ላይ ለጥፎታል። እኛ አገር ደረጃው የመኪናው ስም ሆኖ ቀረ እንጂ። እጄ የሞተሩን ብሎን ሁሉ ያውቃል፣ ስለ ስሙ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ አካሄዴን ለወጥኩ። ከእጄ የማውቀውን ነገር ጥያቄ አደርገዋለሁ። መልሱን ከታተመ ነገር እፈልጋለሁ። ሰርቪስ ማኑዋል፣ የፋብሪካ ብሮሹር፣ የመኪና መጽሔት፣ ጋዜጣ። ቶዮታ የ75 ዓመት ታሪኩን ከነሞዴሎቹ የዘር ሐረግ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል፣ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ወርቅ ነው። መልሱ ከተገኘ እጽፋለሁ፣ ምንጩን እጠቅሳለሁ። ካልተገኘ እውነት መሆኑን ባውቅም አልጽፍም። ይህ መጀመሪያ ላይ ያንገበግባል። "በዓይኔ ያየሁትን!" ትላላችሁ። ግን አስቡት፣ በዓይኑ ያየውን ሁሉ ሁሉም ሰው ቢጽፍ ያ ገጽ የሻይ ቤት ወሬ ነው የሚሆነው፤ የእኔ ቪትዝ በሊትር ሃያ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ የለም የእኔ አሥራ ሁለት ነው፣ እንደዚያ እንደዚያ እየተባለ።

በነገራችን ላይ የመኪና ሽያጭ ድረ ገጾችን ምንጭ አታድርጉ። ብዙዎቹ ቁጥራቸውን የሚወስዱት ከራሱ ከዊኪፒዲያ ነው። አንድ ስህተት ከዚያ ይወጣል፣ ሽያጭ ገጽ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ደግሞ ምንጭ ሆኖ ተመልሶ ይገባል። እንዲህ ሲሽከረከር የኖረ የተሳሳተ የፈረስ ጉልበት ቁጥር አግኝቼ ምንጩን ለማድረቅ ሦስት ማታ ፈጅቶብኛል። እነዚያ ሦስት ማታዎች ግን አልቆጩኝም።

የቅጽል ስሞች ጉዳይ ለብቻው ይነሳ። ዶልፊን፣ አባዱላ፣ ቅጥቅጥ። ሃይሩፍ ላይ ተሳፍሮ፣ ቅጥቅጥ ውስጥ ታጭቆ ያላደገ ማን አለ? እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚሠራው ቶዮታ ሃይኤስ ገጽ ላይ በየአገሩ የተሰጡት ስሞች ቢገቡ ደስ ይለኛል፣ የኛ ግን እንዲገባ በታተመ ጽሑፍ ላይ መገኘት አለበት። ስለዚህ ጋዜጣ ማንበብ ጀመርኩ። የድሮ ጋዜጣ። የትራንስፖርት ዜና፣ የታክሲ ታሪፍ ዜና፣ ስለ ተሳፋሪ ሰልፍ የተጻፈ ሐተታ። መኪና ወዳጅ ሆኜ የጀመርኩት ሰውዬ የከተማ ታሪክ አንባቢ ሆንኩ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ ለእኔ ትልቁ ትርፍ እሱ ነው።

ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር። አማርኛው ዊኪፒዲያ ላይ እያንዳንዱ ገጽ ከጎኑ "ውይይት" የሚባል ገጽ አለው፣ አርታኢዎች የማይስማሙበትን የሚነጋገሩበት። ውይይት የሚባለውን የድሮ ታክሲ የሚያስታውስ ሰው ይገባዋል፤ ተሳፋሪው በሁለቱ ጎን ባሉት አግዳሚዎች ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጉልበት ለጉልበት እየተነካካ የሚጫወትበት። እኔ ያንን ገጽ በከፈትኩ ቁጥር ያ ታክሲ ነው የሚመጣብኝ። አቀማመጡም ተመሳሳይ ነው። ከማታውቁት ሰው ጋር ፊት ለፊት ትቀመጣላችሁ፣ ስለዚህ በጨዋ ቃል ትነጋገራላችሁ። ተናዳችሁ የሌላውን እርማት ከመሰረዝ ይልቅ እዚያ ሄዳችሁ ጠይቁ። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ መልስ ታገኛላችሁ።

ዓመተ ምሕረት ሌላው ፈተና ነው፣ በተለይ ለኛ። ቮልስን ውሰዱ። ፎልክስቫገን እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የሞዴል ዓመቱን የሚቀይረው በነሐሴ ወር ነው። ስለዚህ በጥቅምት 1965 ከፋብሪካ የወጣ ቮልስ የ1966 ሞዴል ነው። በኛ አቆጣጠር ደግሞ ያ ጥቅምት 1958 ነው። 1965፣ 1966፣ 1958። ሦስቱም እውነት ነው፣ አንድ መኪና ነው። ሰው ሊብሬ አይቶ አንዱን ይጽፋል፣ ሌላው ብሮሹር አይቶ ያርመዋል፣ ሦስተኛው ይመልሰዋል። መጀመሪያ የወጣው ቪትዝም በኛ አቆጣጠር 1991 ነው፤ እ.ኤ.አ. የሚለውን ወይም ዓ.ም. የሚለውን የዘለለ ሰው መኪናውን ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። እኔ አማርኛው ላይ ስጽፍ ሁለቱንም አስቀምጣለሁ። አንባቢ ግራ ሊገባው አይገባም።

ቮልስን ካነሳሁ አይቀር፣ የሚያረካ ገጽ ማለት ምን እንደሆነ ለማየት የእንግሊዝኛውን የቮልስ ገጽ አንብቡት። የኋላ መስታወቱ እስከ መጋቢት 1953 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ እስከ 1957 እንቁላል ቅርጽ፣ ከዚያ በኋላ ሰፊው አራት ማዕዘን። በየካቲት 1972 የፎርድ ሞዴል ቲን ክብረ ወሰን ሰብሮ አለፈ። የመጨረሻው በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ ሲወጣ ጠቅላላው 21,529,464 ደርሶ ነበር። አንድ መኪና ከኋላ መስታወቱ ብቻ ዕድሜው እንደሚታወቅ ካነበብኩ ወዲህ፣ መንገድ ላይ ቮልስ ሳይ መጀመሪያ የምዞረው ወደ ጀርባው ነው።

ፎቶ። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ያለ ሰው ከማንም በላይ የሚያዋጣው አለው፣ ምክንያቱም ሌላ አገር ሙዚየም የገቡ መኪኖች እኛ ጋ ገና እህል ይጭናሉ። ደንቡ ቀላል ነው። ፎቶው የራሳችሁ መሆን አለበት፤ ከቴሌግራም ያገኛችሁት፣ ከሻጭ የወሰዳችሁት አይሆንም። ዊኪሚዲያ ኮመንስ የሚባለው የፎቶ ማከማቻ ላይ ስትጭኑት ማንም ሰው ስማችሁን ጠቅሶ እንዲጠቀምበት ፈቅዳችኋል ማለት ነው፣ ለንግድም ቢሆን። የመኪና ገጽ አርታኢዎች የሚወዱት ከፊትና ከጎን በአንድ ጊዜ የሚያሳይ፣ መኪናው ሙሉ የሆነበት፣ በሮቹ የተዘጉበት፣ ጀርባው ያልተዝረከረከ ፎቶ ነው። ቀትር ላይ አታንሱ፣ ከፓራውልቱ በታች ያለው ሁሉ ጥቁር ይሆናል። እኔ የሰፈራችንን ዲኤክስ ያነሳሁት እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባለቤቱን አስፈቀድኩ። ሰውዬው "ቆይ ልጄ፣ እንዲህማ አይነሳም" ብለው ባልዲ አወጡ። ስፖኪዮውን ሳይቀር በጨርቅ አበሱት። ሰሌዳውን ሸፍኜ ነው የጫንኩት፣ ይህን የግድ የሚል ባይኖርም የሰው ንብረት ነውና እንዲያ ማድረግ ይሻላል እላለሁ።

አሁን ወደ አማርኛው ልመለስ፤ አምስተኛውን ኮከብ ያስቀረብኝ እሱ ነውና። ስለ መኪና በአማርኛ ማንበብ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው በጣም ጥቂት ነው። ብዙ መኪኖች ገጽ የላቸውም። ይህ ግን የአገልግሎቱ ጥፋት ሳይሆን የኛ ነው፣ መሣሪያው ተሰጥቶናል። እንግሊዝኛው ላይ የኮሮላን ገጽ ለማሻሻል ብትገቡ ከእናንተ በፊት መቶ ሰው አልፎበታል፣ አንድ ቁጥር ለመቀየር ሁለት ቀን ልትከራከሩ ትችላላችሁ። አማርኛው ላይ አንድ ማታ ብትሠሩ ያልነበረ ነገር ይኖራል። አንድ የመካኒክነት ተማሪ ይፈልገዋል፣ ያገኘዋል።

ቃሉ ከየት ይመጣል ለሚል ሰው፣ ከጋራዥ ይመጣል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታ፣ ባሊስትራ። ከጣሊያንኛ መጥተው የኛ የሆኑ ናቸው፣ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ በእነሱ ካልጠየቃችሁ ዕቃ አታገኙም። አንዳንድ ሰው "ለመዝገበ ዕውቀት አይመጥኑም" ብሎ አዲስ ቃል ሊፈጥር ይሞክራል። እኔ አልስማማም። ካምቢዮን ማንም ሰምቶት በማያውቅ ቃል ተክታችሁ የጻፋችሁት ገጽ ለማን ነው? ሹፌሩ አያነበውም፣ መካኒኩ አያነበውም። ካምቢዮ በሉት፣ ሥራውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዱ፣ እለፉ።

ደግሞ ጊዜው አሁን ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ካለ ወዲህ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። አይዲ 6ን ተመልከቱ። ፎልክስቫገን ለቻይና ገበያ ብቻ ብሎ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መኪና ነው፣ እኛ ግን በየመብራቱ አጠገባችን ይቆማል። ስለሱ የሚጻፈው ሁሉ ከቻይና ምንጭ ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚለው ቁጥር በየትኛው መለኪያ እንደተለካ ካልተጻፈ ትርጉም የለውም። የቻይናው ሲኤልቲሲ ከአውሮፓው ደብሊውኤልቲፒ ከፍ ያለ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ሁለቱን ሳይለይ አንድ ሠንጠረዥ ላይ የደረደረ ገጽ ካያችሁ መለኪያውን ጨምሩበት። ሰው ይህን አንብቦ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው።

መኪና የምትሸጡ ሰዎች ግን እባካችሁ የምትሸጡትን መኪና ገጽ አትንኩ። የተሳሳተ ነገር ካያችሁ ውይይት ገጹ ላይ ማን እንደሆናችሁ ተናግራችሁ ጠቁሙ። ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ያንን መግለጽ ግዴታው ነው። ማን ያውቃል ብላችሁ ብትገቡም የእያንዳንዱ እርማት ታሪክ ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ ማንም ከፍቶ ያየዋል።

ያለፈው ቅዳሜ አንድ የማከብራቸው የላዳ መካኒክ ጋ ሄጄ ነበር። ጋሼ አርባ ዓመት ላዳ ፈትተዋል። ላዳ 2101 የፊያት 124 ልጅ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ጋሼ ግን የኋላ ጎማውን አውልቀው ታምቡሩን አሳዩኝ። "አየህ፣ ፊያቱ ከኋላም ዲስክ ነበረው። ሩሲያዎቹ ታምቡር አደረጉት፤ ጭቃና በረዶ ውስጥ ነዋ የሚነዱት" አሉና የፍሬን ሸራውን በጣታቸው ጠረግ አደረጉት። "ሞተሩም የራሳቸው ነው፤ ካምሻፍቱን ላይ አወጡት፣ የፊያቱ ታች ነበር።" ቤት ገብቼ ማኑዋሎቹን አገላበጥኩ። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ቃል በቃል። አማርኛው ላይ ለላዳ እያዘጋጀሁት ባለው ገጽ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ፣ ከነገጽ ቁጥራቸው።

ጋሼ ቁም ሣጥን ላይ የጣሉት አንድ የድሮ የፊያት 124 ማኑዋል እንዳላቸው ነግረውኛል። በጣሊያንኛ ነው። ችግር የለውም፤ ምንጭ በየትኛውም ቋንቋ ይቀበላሉ። የፊታችን ቅዳሜ አቧራውን አራግፈው ያቆዩልኛል።